ቤት ከመግባቷ በፊት

የሰፈሩ ዘበኛ ሴትየዋን በስም አያውቃትም። ቀኑን ሙሉ የደንበኞችን ስልክ ስታነሳ ውላ አመሻሽ ላይ ድምጿ ሰልሎ ትመጣለች፤ ቤቷ ግን ቶሎ አትገባም። ከአጥሩ ጀርባ፣ ጅረቱ ዳር፣ ባጇን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላ፣ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ትቀመጣለች። ዘበኛው ከባሏ የተኳረፈች ይመስለው ነበር።

«እዚህ ምን አለ ልጄ?» አላት አንድ ቀን።

«ውሃው ነዋ ጋሼ። ያወራል፤ መልስ ግን አይፈልግም። ባለፈው ልጄ ‹እማዬ› ብላ ብትጠራኝ ‹ስለደወሉ እናመሰግናለን፤ ምን ልርዳዎት?› አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»

ከቤቷ መስኮት «እማዬ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ባጇን አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወዬ፣ እናቴ!»