ያሳሰረኝ በግ፣ ያናገረችኝ ሐኪም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ያኔም ቢሆን መምህሩ አንብቢ ሲለኝ ፊቴን በመጽሐፉ ሸፍኜ ነበር የማነበው። ይህን የምጽፈው ሰው ስለ እስሬ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ወንድሜ ቀድሞኝ ስለሚያወራ ነው። ባወራው ቁጥር ደግሞ ይጨምርበታል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ሰሞን ነው። በገበያ ቀን በግ ልሸጥ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ነበር። ወጣቶች መፈክር እያሰሙ ከላይ በኩል ሲመጡ ገበያው ተደናገጠ። በጌም ደነገጠና ገመዱን ከእጄ አስጥሎ ፈረጠጠ። ተከተልኩት። በጉ በዋናው መንገድ ላይ ይሮጣል፤ እኔ ነጠላዬን አሸርጬ፣ ዱላዬን ወደ ላይ አንስቼ ከኋላው እሮጣለሁ፤ ሰልፉ በሙሉ ደግሞ ከእኔ ኋላ ይመጣል። ለሚያይ ሰው ሰልፉን ማን እንደሚመራው ግልጽ ነበር።

በጉ አመለጠ። እኔ ተያዝኩ።

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ሽታው አፍንጫ ያቃጥላል። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ እየቀለጠ አናታችን ላይ ይንጠባጠባል።

መርማሪው አስጠርቶ ስሜን ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። ማን ላከሽ አለኝ፤ ዝም አልኩ። እልኸኛ ሆኜ አይደለም። የማላውቀው ወንድ ፊት ለፊት ሲያየኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል። "በጌን ተከትዬ ነው" ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ እሷው ቃል አልወጣ አለችኝ። መርማሪው ለባልደረባው "ይህቺ የሠለጠነች ናት፤ ስሟን እንኳ አልሰጠችም" ሲል ሰማሁት። ዝም ባልኩ ቁጥር ሹመቴ ከፍ እያለ ሄደ። መጀመሪያ ተሳታፊ ነበርኩ፣ ቀጥዬ አስተባባሪ፣ ኋላ ደግሞ የኅቡዕ ክንፍ ኃላፊ ሆንኩ። በመጨረሻ "በሚቀጥለው ካልተናገረች ወደ ላይ ትላካለች" አሉ። ላይ የሚሉት የት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ የተመለሰ ሰውም አላውቅም ነበር።

ክፍላችን ውስጥ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነበረች። ዶክተር አይደለሁም ትላለች፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንላት። የታሰረችው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሕመምተኞቿን ክብ አስቀምጣ ስታነጋግር "ያልተፈቀደ ስብሰባ" ተብላ ነው። እዚህም ልማዷ አልለቀቃትም፤ በመጣች በማግስቱ ክብ አስቀመጠችን።

ጠባቂው በመስኮት አየንና "ስብሰባ ክልክል ነው!" ብሎ ጮኸ።

"ወንድሜ፣ እኛ መቼ ተሰበሰብን? እናንተ ናችሁ የሰበሰባችሁን" አለችው።

ጠባቂው ትንሽ አሰበና ሄደ።

"አሁን ምን ይሰማችኋል?" ስትል ጠየቀችን።

"ብርድ" አሉ እማማ። እማማ አረቄ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ የታሰሩት ቤታቸው የገባ ጠጪ መንግሥትን ሰድቦ ነው።

"ሌላስ? ከውስጥዎ?"

"ከውስጥማ ረኃብ።"

ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። "በየሄድኩበት አገር ሰው የሚናገርበት የራሱ መንገድ አለው" አለች፤ "እኔ ያንን ሳላገኝ ሥራ አልጀምርም። በእናንተ አገር ሰው ፈርቶ ያልተናገረው ነገር በምን ይወጣል፣ እማማ?"

"በአውጫጭኝ ነዋ!"

እማማ አስረዷት። ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌው ይነሳና "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ያወራል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው።

"በሉ እንቀመጥ፤ ሽማግሌያችን እማማ ናቸው" አለች ዶክተሯ።

"ምን ተሰረቀ ብለን?" አሉ እማማ።

"እንቅልፋችን።"

ሴቶቹ እየተነሱ እማማን በጆሯቸው ሹክ አሏቸው። ተራዬ ሲደርስ ሄጄ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። እማማ ተነሱ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ እስከ ግቢው በር በሚሰማ ድምፅ "ወፍ ነገረችኝ!" አሉ። "ከዚህ ቤት አንዲት ልጅ፣ ሽንት ቤት ክፈቱልኝ ማለት አፍራ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ከበሮ ተወጥራ ትውላለች!"

ከዚያ ቤት ልጅ የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዶክተሯ ግን ማን ናት አላለችም፤ ወደ እኔም አላየችም። "ምን ብናደርግላት ይሻላል?" አለች። ከጥግ በኩል አንዲት ሴትዮ "እኔም እኮ አፍራለሁ" አለች። ሌላዋም እኔም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንት ቤት እንዲከፈትልን በሩን አንድ ላይ ሆነን መደብደብ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን ጠባቂው ዓመፅ መስሎት ፊሽካ ነፋ።

ዶክተሯ ወፏን ቀስ በቀስ ከእማማ ጆሮ አወጣቻት። በሌላ ቀን ለእማማና ለእሷ አንድ ላይ ሹክ አልኩ። ቀጥሎ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ራሴ "ወፍ ነገረችኝ" አልኩ።

"ምን አለች?"

"እማማ ያንኮራፋሉ አለች።"

"ውሸቷን ነው!" አሉ እማማ።

"ወፍ አትከሰስም፣ እማማ" አለች ዶክተሯ።

በመጨረሻ ፊቴን አዞርኩ። ያን ዕለት እማማ መርማሪ ሆኑልኝ። "ተናገሪ፣ አንቺ የሰይጣን ቁራጭ!" ብለው ምርኩዛቸውን ሰበቁብኝ። ዶክተሯ መርማሪው እንዲህ አይሳደብም ብትላቸው "እኔ ብሾም እሳደብ ነበር" አሉ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል "በጌን ተከትዬ ነው" የምትለዋን ደጋግሜ አልኳት።

ስጠራ ግን የሚያስቀኝ አልነበረም። መርማሪው ፊት ቆሜ ዓይኔን የኮቱ ቁልፍ ላይ ተከልኩ።

"በጌን ተከትዬ ነው።"

"ምን?"

"በጌ አምልጦኝ ነው የሮጥኩት። ሰልፉ ከኋላዬ መጣ እንጂ እኔ አልመራሁትም።"

"ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀሽው?"

"አፍሬ ነው።"

ባልደረባው ሳቁ አምልጦት ወደ መስኮቱ ዞረ። መርማሪው አልሳቀም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ያቺ ሐኪም አውጫጭኝ ታስቀምጣችኋለች አሉ" አለኝ። "ማን ምን እንዳለ ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ቤቴ ታየኝ። ለዚህ ጥያቄ አልተለማመድንም ነበር።

"ወፍ አትጠየቅም" አልኩት።

ድምፄ ቀጥኖ እንደ ሕፃን ድምፅ ነበር የወጣው፤ ግን ወጣ። መርማሪው አውጫጭኝ ከሚቀመጥበት ከጎረቤታችን ከግሼ የመጣ ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። ያልኩት ገብቶታል። አንገቱን አከከ፤ ባልደረባውን አየ፤ ከዚያ "ውጪ" አለኝ።

የዚያን ዕለት አልለቀቁኝም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ፈቱኝ። ቤት ስደርስ በጉ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ። ሴቶች ስንሰበሰብ ከመናገሬ በፊት ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ያምረኛል፤ ጎረቤቶቼ ያውቁልኛል፣ ይጠብቁኛል። ዶክተሯ እኔ ስወጣ እዚያው ቀረች። በኋላ ተፈታች ሲሉ ሰማሁ እንጂ አላገኘኋትም። አሁን የት ሆና፣ ማንን ክብ አስቀምጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ጠባቂው ቶሎ በሉ እያለ ይጮህብናል፤ እሷ ረጋ ብላ ነጠላዬን ታስተካክላለች።

"እናትሽ መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ ቀጥላ ትቆጣሻለች" አለችኝ። "ስትቆጣሽ ዝም ብለሽ እንዳትሰሚያት፤ መልሽላት።"