ቀይ ቀለም የተቀባው ኒፕል

የቧንቧ ሥራ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሲገነባ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርማናችን አቶ ደረሰ ጂራቱቦ አስያዘኝ፤ ቧንቧ ነክሶ የሚያዞር ትልቅ መፍቻ ነው። "አጥብቅ" አለኝ። አጠበቅኩ። እሱም መፍቻውን ተቀብሎ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ሊፈታው ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ሠራተኛ ትሆናለህ" አለኝ። ትምህርቴ በአብዛኛው ይኸው ነበር።

በዚያ ጊዜ በቧንቧ ጫፍ ዙሪያ በተቀረጸው ጥርስ ላይ ካናፓ የሚባል ቃጫ መሳይ ክር እንጠመጥም ነበር። ከካናፓው ጋር የሚቀባው ማሸጊያ ከገበያ ሲጠፋ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም እንቀባለን። ቀለሙ ከደረቀ ጠብታ አያሳልፍም፤ እኛም በዚህ እንኮራ ነበር። ከረዳትነት ወደ ዋና ሠራተኛነት ያደግሁት እንዲህ እየሠራሁ ነው። ቡሬም፣ አዴትም፣ ገበዘ ማርያምም ተጠርቼ ገጥሜያለሁ። ሁሉንም አላስታውስም።

ባለፈው ዓመት ቡሬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አስጠሩኝ። ሻወር ቤት አላቸው፤ ሦስት ክፍል፣ አንድ ትልቅ ቦይለር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። ሙቅ ውሃ ከቦይለሩ የሚወጣበት ኒፕል፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው አጭር ቧንቧ፣ ዝጎ ያፈሳል። በማግስቱ ገበያ ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው እሳቸው ቤት ሳይታጠብ አይመለስም።

ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ውሃውን ዘጋሁ፣ ቦይለሩን አንጠፈጠፍኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ በጂራቱቦ ብታገል ኒፕሉ አልሰማኝም። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥርሱ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ደርቆበታል።

እኛ ቧንቧ ሠራተኞች አንድ ልማድ አለን፦ ሥራ ስንጀምር ከእኛ በፊት የሠራውን ሰው እንሰድባለን። ነገሩ ቢበላሽም ጥፋቱ የእሱ ይሆናል። እኔም ጀመርኩ።

"ማን ነው ይህን የደፈነው? ቀለም ለበር ነው እንጂ ለቧንቧ ነው? የዚህ ሰው እጁ መታሰር ነበረበት!"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሥር ሆነው የስልካቸውን መብራት ይዘውልኛል። "ኧረ አይስደቡት" አሉ ቀስ ብለው። "ያን ጊዜ ወጣት ነበር። 'ይህ ከእንግዲህ ንቅንቅ አይልም' ብሎኝ ነው የሄደ። እውነቱን ነው።"

"ያውቁታል እንዴ?"

"እንዴታ! ይኸው ወንበሬ ላይ ቆመዋል።"

ፊቴ ጋለ። ቤቱ ከታደሰ ወዲህ ስላላየሁት ጨርሶ አላወቅሁትም ነበር። ሥራውን ቶሎ ጨርሼ ከፊታቸው መጥፋት አማረኝ። የጂራቱቦውን እጀታ በብረት ቧንቧ አስረዘምኩና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ቀጭ ብሎ ለቀቀ። የተፈታ መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ለካ ኒፕሉ ተሰብሮ ግማሹ ቦይለሩ ውስጥ ቀርቷል። አሁን በመፍቻ የሚያዝ ነገር የለውም።

"ውስጥ ቀረ?" አሉኝ።

"ቀረ።"

"አያ ስማቸው፣ ይህ ቦይለር ከሄደ እኔም ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው።" አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳት ማስጠጋት አይቻልም፤ ከቦይለሩ ቆርቆሮ ሥር ያለው ስፖንጅ ይቀጣጠላል። በመዶሻ መምታትም አይሆንም፤ የውስጠኛው ጋን አንገት ከተቀደደ መጠገኛ የለውም። የቀረኝ የብረት መጋዝ ምላጭ ነበር። ከእጀታው አውጥቼ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለልኩና በተሰበረው ኒፕል ቀዳዳ አስገብቼ ከውስጥ ወደ ውጭ እገዘግዝ ጀመር። ምላጩ ኒፕሉን ቆርጦ የቦይለሩን ጥርስ ሳይነካ መቆም አለበት። ይህ በዓይን አይታይም።

ያዳነኝ ያ የሰደብኩት ቀለም ነው። ምላጩ ላይ ቀይ ዱቄት ሲወጣ ኒፕሉ አልቋል ማለት ነው፤ አቆማለሁ። እንዲህ እያልኩ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ቆረጥኩ። መሃሉን በቀጭን መሮ አነሳሁት፤ የቀረው ወደ ውስጥ ታጠፈና በፒንሳ ወጣ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት የጀመርኩት አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። የቦይለሩ ጥርስ ደህና ነበር።

የነሐስ ኒፕል ቴፍሎን በሚባለው ስስ ነጭ ላስቲክ ጠቅልዬ ገጠምኩ፤ በልኩ አጠበቅኩና ተውኩት። ውሃው ተለቀቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንበሩ ላይ ወጥተው መዳፋቸውን ከመገጣጠሚያው ሥር ዘረጉ። ብዙ ጠበቁ። መዳፋቸው ደረቅ ነበር።

"ይህንንስ ማን ይፈታዋል?" አሉኝ።

"ማንም ሠራተኛ ይፈታዋል" አልኳቸው።

አብረውኝ ለሚሠሩት የምነግረው ይህንኑ ነው። መገጣጠሚያን የምናጠብቀው ውሃ እስከማያፈስ ድረስ ብቻ ነው። ኒፕል ያረጃል፣ መፈታቱ አይቀርም። ጥርስ ላይ ቀለም አይቀባም።