የግንባር ቀደሙ ገበሬ ቡና

በጻፍኩት ዜና ውስጥ አንድም ስህተት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ዜናው ትክክል ስለነበረ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐረር የተመደብኩት ለአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኜ ነበር። ቢሮዬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በላይ ነው። ሻይ ቤት የምለው ቡና ስለማይሸጥ ነው። ዓለም የሚያውቀው ቡና በሚበቅልበት አገር መሃል ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ ነበር። ጥሩው ቡና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ዶላር ይሆናል፤ ዶላሩም ነዳጅና ጥይት ይሆናል። ጋዜጣችን የሚታተምበት ወረቀትም የሚገዛው ከዚያው ነበር። ስለዚህ ስለ ቡና በጎ በጎውን ስጽፍ ጥቅም አልነበረኝም ማለት አልችልም።

ከከተማው መግቢያ ባለው ኬላ ፈታሾች የሴቶችን ቅርጫት ሳይቀር እየበረበሩ ቡና ይፈልጋሉ። ጥቂት ኪሎ ደብቆ የተገኘ ኮንትሮባንዲስት ይባላል። በዚያው ኬላ የጫት መኪና ክላክሱን እየነፋ ሲመጣ ገመዱ ቀድሞ ይወርዳል። ጫት ካደረ ይጠወልጋል፤ ጂቡቲ ሆነው የሚጠብቁት ሰዎችም ትዕግሥት የላቸውም። ቀረጡን ከከፈለ የሚነካው የለም። በኬላው ግድግዳ ላይ የተጻፈው መፈክር ግን ስለ ቡና ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ግንባር ቀደም የቡና ገበሬ ፈልግ» አለኝ። ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር ወጥቼ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ከሄድኩ በኋላ አገኘኋቸው። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ቡናውን የተከሉት አባታቸው ነበሩ። እኔ በሰው ቃል ብቻ አልጽፍም፤ ዛፎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ቅርንጫፎቹን በእጄ ያዝኩ። በፍሬ ብዛት ጎንብሰዋል። ሽማግሌው በጥላው ሥር አስቀምጠው ቁጢ አቀረቡልኝ፤ የቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የሚጨመርበት መጠጥ ነው።

«ፍሬው ለመንግሥት፣ ቅጠሉ ለእኛ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቅጠሉ ገና አልተወረሰም።»

ይህችን አልጻፍኳትም። የጻፍኩት የዛፎቹን ቁጥርና የቅርንጫፎቹን መጎንበስ ነው። ፎቶግራፋቸውም ወጣ፤ ጥሩ ፎቶግራፍ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ኤረር በር ገበያ ላይ ተገናኘን። ዱሮ «ልጄ» ይሉኝ የነበሩት ሰው «ጓድ ጋዜጠኛ» አሉኝ።

«ደህና ነዎት አባባ? ቡናው እንዴት ከረመ?»

«ተኝቷል።»

«ታመመ እንዴ?»

«ምን ያመዋል። ዐረፈ እንጂ። ቡና እንደ ሰው ነው፤ አንድ ዓመት ከተሸከመ በሚቀጥለው ያርፋል። እናንተ አገር ይህን የሚያውቅ የለም?»

እኛ አገር የሚበቅለው ገብስ ነው። እኔም አልጠየቅኩም፤ የቆጠርኩት ያየሁትን ብቻ ነበር።

የሆነውን እዚያው ቆመው ነገሩኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋዜጣዬን በስብሰባ መሃል ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። ቀጥሎ ወደሳቸው ዞሮ «ዛፎቹ በፍሬ ብዛት ጎንብሰዋል ይላል። ጋዜጣው ይዋሻል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? የመንግሥት ጋዜጣ ይዋሻል ብል እስር ቤት፣ አይዋሽም ብል ኮታ። ወላሂ፣ ኮታው ይሻላል ብዬ አይዋሽም አልኩ።»

ለመንግሥት የሚያስገቡት የቡና ኮታ እጥፍ ሆነ። ያልሞላ እንደሆነ መሬቱ «በሚገባ ለሚያለማ» ሌላ ሰው ይሰጣል ተባሉ። የአባታቸው ዛፎች ማለት ነው።

«እና ዛሬ ምን ይዘው መጡ?» አልኳቸው።

«ምንም። ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ቡና ነዋ። አንተ ያየኸውን ቡና።»

በሐረር በኩል ከብት ሲሸጥ ገዢና ሻጭ እጃቸውን በፎጣ ሥር ይጨባበጡና ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ። ማን በስንት እንደገዛ ሌላው እንዳያውቅ የቆየ ልማድ ነው። መንግሥት የቡናን ዋጋ ከተመነ በኋላ ልማዱ ከከብት ተራ ወደ ቡና ተሻገረ። ከላይ ካለው ደጋ የመጣ ገበሬ ከሽንብራ ከረጢት ሥር ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ደብቆ ይዟል። ደላላው ፎጣውን በሁለቱ እጅ ላይ ጣል አደረገ። የዋጋ ተቆጣጣሪው ከአሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል።

«ልጆች ደህና ናቸው?» አሉ የኔ ሽማግሌ። ፎጣው ተነቃነቀ።

«አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ ነው እንጂ» አለ ሻጩ። ፎጣው እንደገና ተነቃነቀ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ዝናቡን አትመን። ትንሽ ቀንስ» አለ ደላላው።

«ከሰማይ የሚመጣ እንዴት ይቀነሳል?» አለ ሻጩ።

በመጨረሻ ደላላው ተቆጣጣሪው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመንግሥትን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ጠራ። ተቆጣጣሪው ደስ ብሎት ወደ ሽንኩርት ተራ ሄደ። እኔም በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ብጽፍ ኖሮ፣ በኤረር በር ተመኑ ሙሉ በሙሉ እንደተከበረ መመስከር እችል ነበር። ሽማግሌው የከፈሉበት ገንዘብ በሬያቸውን ሸጠው ያመጡት ነው። ቡናውን በአህያ ጭነው ወደ መንግሥት መግዣ ጣቢያ ወሰዱና በተመኑ አስረከቡ። በውድ ገዝተው በርካሽ ሸጡ። የጣቢያው ሠራተኛ እጃቸውን ጨብጦ አመሰገናቸው። ያ ቡና የትኛውም የባሕር ማዶ ገበያ ላይ ሲሸጥ ግማሽ በሬ እንደተጨመረበት የሚያውቅ አይኖርም።

የዚያን ዓመት ዛፎቻቸው ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አለቃዬ ደወለ። «ያ ግንባር ቀደም ገበሬ ዘንድሮስ? ጎብኘውና ላክ።»

ሄድኩ። በማሳው ላይ ጉቶ ነው ያለው። በጉቶዎቹ መሃል የጫት ችግኝ በመስመር ተተክሏል። ከበሩ አጠገብ አንድ የቡና ዛፍ ብቻ ቆሟል።

«ያችን ለቁጢ ነው የተውኳት» አሉ።

«ሌሎቹን ማን ቆረጣቸው?»

«እኔ። ዛፉ ደግሞ ሲያርፍ የምሸጠው ሁለተኛ በሬ የለኝም። ቡና ያለው ኮታ አለው፤ ቡና የሌለው የለውም።»

«ሊቀመንበሩ ዝም አለ?»

«እሱ ምን ይላል? የሱ ጫት ከኔ ቀድሞ ደርሷል።»

ጉቶዎቹን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ሽማግሌው ያዩኝ ነበር።

«ቁጠር፣ ቁጠር» አሉ። «ግን ስትጽፍ ሰውዬው ሞቷል በል። ከሟች ኮታ አይጠየቅም።»

«የሚታይ ሰው ሞቷል ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?»

«የሚታይ ሰው ነው ኮታ የሚበዛበት። በአንተው አይደለም እንዴ የታየሁት?»

ከዛፏ በተቀጠፈ ቅጠል የተፈላውን ቁጢ ጠጥቼ ወደ ፈረስ መጋላ ተመለስኩና ለአለቃዬ ደወልኩ። ቦታው ድረስ ሄጄ ገበሬውን አላገኘኋቸውም አልኩት። እሱም በሌላ አውራጃ ሌላ ግንባር ቀደም እንዳለ ነገረኝና ዘጋው። እዚያ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን እያወቅኩ ያስተላለፍኩት ውሸት እሱ ብቻ ነው። እስከማውቀው ድረስ በሬ ያሸጠው ሰው የለም።

በሳምንቱ ኤረር በር ላይ ተገናኘን። አህያዋ ከጎረቤት ማሳ የተገዛ ጫት ተጭናለች፤ የሳቸው ገና አልደረሰም።

«ምን ብለህ ጻፍክ ልጄ?»

«አላገኘኋቸውም አልኩ።»

የጭነቱን ገመድ ጠበቅ አደረጉ።

«ያን ሰውዬ እኔም ካየሁት ቆየሁ» አሉ። «በል ልሂድ፤ መኪናው አይጠብቅም።»