ክንፉስ ይሁን፤ አጥሩ የታለ?

አሰላ ውስጥ ጭቆ ያማረው ሰው እትዬ ተሻለች ቤት ይሄዳል። የገብሱን ዱቄት በቅቤ ሲለውሱ እጃቸው አይቦዝንም፤ ምላሳቸውም እንደዚያው። ሊገዛ የገባ ሰው የሰርጋቸውን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም።

ታሪኩ አጭር ነው። በሰርጋቸው ቀን የድምፅ ማጉያው ሲያምባርቅ አንድ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ዳሱ ውስጥ ገባ። ሙሽራው ጋሽ ሀይሉ ከነሱፋቸው አጥር ዘለው ጎረቤት ጓሮ፣ ጎመን መሀል አረፉ። ሙሽሪት ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ልጓሙን ያዘች። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሀይሉ በገዛ ቤታቸው ክርክር አሸንፈው አያውቁም። ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እትዬ ተሻለች ዝግ ብለው «አጥሩ ረጅም ነበር እንዴ ሀይልዬ?» ይላሉ። ጋሽ ሀይሉም ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት መምህር ነህምያ መጽሐፍ ጻፈ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፤ ታሪኩን የሰማው ያው ጭቆ ሊገዛ ገብቶ ነው። ለወጣቶች እንዲጥም ብሎ ለፈረሱ ክንፍ አበቀለለት፤ ዳሱን ከነእድምተኛው አስነሥቶ ጭላሎ ተራራ ጫፍ ላይ አሳረፈው። ይህ ሁሉ ምንም አይደል። ሙሽራው ግን ሰይፍ መዝዞ ፈረሱን አንበረከከው! ሙሽሪት ደግሞ ራሷን ስታ ወደቀች።

ጋሽ ሀይሉ መጽሐፉን ገዝተው ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት አቆሙት። በዚያው ሳምንት ስለ በሩ ቀለም ተከራክረው አሸነፉ። በሩ አረንጓዴ ሆነ።

እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አጣፍተው መምህሩ ዘንድ ገሰገሱ።

«አንተ ልጅ፣ ክንፉስ ይሁን። አጥሩ የታለ?»

«እትዬ፣ ልብ ወለድ ነው እኮ። ወጣቶች ጀግና ይፈልጋሉ።»

«ወጣቶቹ መች ከሀይሉ ጋር ይኖራሉ? የምኖረው እኔ! ደግሞ ራሴን ስቼ ወደቅሁ? እኔ? ማን ሊያነሳኝ? የሚያነሳኝ ሰው ጎመን ውስጥ ነበር!»

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ከተማሪዎች ጋር ውይይት ስላለ እንዲመጡ ጋበዛቸው። ጋሽ ሀይሉማ የክብር እንግዳ ተደርገው ቀድመው ተጠርተዋል።

ቅዳሜ ጋሽ ሀይሉ ከረባት አስረው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እትዬ ተሻለች ከኋላ፣ እጃቸውን አጣምረው። ኦብሴ የምትባል የባለጋሪ ልጅ እጇን አወጣች።

«ኦቦ ሀይሉ፣ ፈረሱን በየት በኩል ቀረቡት?»

«በኋላ በኩል ነዋ! ሳያየኝ!»

«በኋላ?» ኦብሴ ሳቀች። «በኋላ የቀረበውማ እርግጫ ነው የሚቀምሰው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«በጎን ነው፣ በጎን!» አሉ ጋሽ ሀይሉ።

«ልጓሙንስ በየትኛው እጅ ያዙት? በአንዱ ሰይፍ ይዘው ነበር።»

ጋሽ ሀይሉ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ዞረው ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ተሻለች ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም።

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አሉ በመጨረሻ። «እሷን ጠይቋት። የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ ጎመን ውስጥ ነበርኩ።»

እትዬ ተሻለች እስኪለመኑ አልጠበቁም። አንዱን ወንበር ፈረስ አድርገው አያያዙን አሳዩ፤ ወንበሩ ሊሰበር ምንም አልቀረው።

መምህር ነህምያ ለሁለተኛው እትም አስተካክሎ ጻፈና ረቂቁን ቤታቸው ይዞላቸው መጣ። አጥሩ አለ፤ ጎመኑም አለ። ክንፋሙን ፈረስ ያንበረከከችውም ሙሽሪት ሆናለች፤ ያውም ሰይፍ መዝዛ።

አሁን የተቆጡት ጋሽ ሀይሉ ናቸው።

«ምን ሰይፍ? ባዶ እጇን ነበረች! ታሪክ እንዲህ ይበረዛል እንዴ መምህር? እኔ እኮ የዓይን ምስክር ነኝ!»

«ከጎመን ውስጥ ሆኖ ምን ይታያል?» አሉ እትዬ ተሻለች። ከዚያ ወደ መምህሩ ጠጋ ብለው በቀስታ፣ «ሰይፉን ትንሽ አስረዝመው» አሉት።