የእናቴ ሙሾ በሰርግ ቤት

ከመንዝ፣ ከሞላሌ የወጣሁት አባቴ በተቀበረ በሃያኛው ቀን፣ አርባው ሳይወጣ ነው። ንጋት ላይ አውቶቡሱ ሲነሳ እናቴ "የአባትህን አርባ እንኳ ሳታወጣ?" አለችኝና ፊቷን አዞረች። በስልኬ ውስጥ ግን የቀብሩ ዕለት የቀዳሁት ሙሾዋ ነበር።

"ገብሱማ ደርሶልህ፣ ማጭዱም ተስሎ፣
እንዴት ይተኛል ሰው፣ አዝመራውን ጥሎ።"

በስደት ጀልባ ባሕሩን ስንሻገር ያን ስልክ በፌስታል ጠቅልዬ በጥርሴ ነክሼው ነበር። ጀርመን ስገባም ያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው። እዚህ ምን አለ ብላችሁ! የመንዝ ብርድ በበርኖስ ይመለሳል፤ የዚህኛው ጃኬት በጃኬት ላይ ቢደርቡለትም አይመለስም። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝህ እንደምን አደርክ በማለት ፈንታ በሩን ይቆልፋል።

ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቢት፣ የዘፈን ማጀቢያ ምት፣ እሠራለሁ። አንድ እሑድ የእናቴን ድምፅ ቆረጥኩና "ጥሎ፣ ጥሎ፣ ጥሎ" እያለ እንዲመላለስ አድርጌ ከሥሩ ከባድ ቤዝ አስገባሁበት። አከራዬ፣ አንዲት ኮስታራ አሮጊት፣ በሩን ደበደበችው።

"ሩኸ!" አለች፤ ጸጥ በል ማለቷ ነው።

"ሙዚቃ ነው እኮ።"

"አይደለም። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው። ማን ሞቶባት ነው?"

"እሑድ ማልቀስም ክልክል ነው?"

"የኪራይ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ እሑድ ድምፅ የለም።"

ሳቅኩባት። አማርኛ የማታውቅ ሴት የሰማችውን እኔ የመንዙ ልጅ አልሰማሁም።

በእኛ ዘንድ ሙሾ ከለቅሶ ቦታ አይወጣም። ቤቷ ውስጥ ሙሾ ስታንጎራጉር የተገኘች ሴት "ማንን ልታስቀብሪን ነው?" ትባላለች። ይህን እያወቅሁ ቢቱን አገር ቤት ላሉ ሦስት ራፐሮች ላክሁት፤ ስለ መኪናቸውና ስለ ሴቶቻቸው እየፎከሩ ገቡበት። ዘፈኑ ፈነዳ። ታክሲው፣ ጭፈራ ቤቱ፣ የሰው ሞባይል ሁሉ "ጥሎ፣ ጥሎ" ሆነ። እኔ ደንቆሮው ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ እህቴ እኔ በሌለሁበት ሞላሌ ላይ ተዳረች፤ የሆነውን በስልክ ነገሩኝ። ዲጄው "የሙሽሪት ወንድም ሥራ!" ብሎ ለቀቀው፤ ድንኳኑ በእስክስታ ተናወጠ። እናቴ ለባሏ ያወጣችውን ሙሾ በልጁ ሰርግ ላይ፣ በገዛ ድምፅዋ ሰማችው። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ከድንኳኑ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳ አለች። ራፐሮቹን ዘፈኑ ይውረድ ብዬ ለመንኳቸው።

"ብሮ፣ ማዘር እኮ ስታር ሆነዋል! ምን ያስከፋቸዋል?" አለኝ አንዱ። አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ከራሴ ገጽ አወረድኩት፤ የማላውቃቸው ሰዎች መልሰው ጫኑት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ በስንት ጊዜዋ አነሳች።

"አጎትህ አረፈ። ትናንት ቀበርነው።"

"ነፍስ ይማር፣ እማዬ። አለቀስሽለት?"

"ለወንድሜ ሙሾ ላወጣ ተነሳሁ። ገና አፌን ስከፍት ወጣቶቹ ተያይተው ሳቁ። አንዱማ 'ጥሎ፣ ጥሎ' አለ። አፍሬ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ያለ ሙሾ አፈር ገባ።"

"እማዬ፣ በእግዚአብሔር ይቅር በይኝ።"

"ይቅርታውስ ይሁን። አንተ እዚያ ሰው አገር ብትሞትብኝ፣ ልጄ፣ በምን ድምፄ ነው የማለቅስህ?"