የኖሪን ብየዳ

ሜርቭ ሃላም በኒውካስል ስሙ የተጠራ የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ጠጋኝ ነው፤ የሰው ሥራ ማመስገን ግን ሞቱ ነው። ማክሰኞ ሱቁ ስገባ፣ ደንበኛ ያመጣውን አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ፈታትቶ፣ ዕድሜውን ለማወቅ ትራንስፎርመሩ ላይ የታተመውን ቁጥር ያነባል።

«የ1965 ሥራ ነው» አለኝ። «ብየዳውን ግን እየው! አንዱም አልለቀቀም። የማንም ይሁን፣ እጁ ይባረክ!»

አቧራውን በብሩሽ ሲጠርግ፣ ገጣጣሚዋ ስሟን ጽፋ የለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት ብቅ አለ። «ኖሪን ፔትሪ» ይላል። አምና የቀበራት ሚስቱ ናት፤ ፔትሪ የአባቷ ስም ነው።

ሜርቭ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ፋብሪካ እሠራ ነበር ስትለኝ፣ ካርቶን የምታሽግ መስሎኝ…»

«አትጠይቃትም ነበር፣ አንተ ሰውዬ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ‹ላግዝህ?› ባለችኝ ቁጥር ‹ተዪው፣ ያቃጥልሻል› እላት ነበር።»

ያረጁትን ክፍሎች ቀየረ፤ የእሷን ብየዳ ግን አልነካም። ሲያበራው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሜርቭ ግን አንገቱን እንደደፋ ነበር።

«ሻይ ስታመጣልኝ ጎንበስ ብላ ብየዳዬን ታይና ፈገግ ትል ነበር» አለኝ። «የምታደንቀኝ ይመስለኝ ነበር።»