በስማቸው ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ

ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጨርቅ መደብር ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት የሰርግ ካርድ እሠራ ነበር። የዲዛይን ኮርስ ገና መጨረሴ ስለነበር፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ሚዛን"፣ "ተነባቢነት" እያልኩ ሰው አሰለች ነበር። መምህራችን ባዶ ቦታም የዲዛይን አካል ነው ሲለን ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት እንጂ አላመንኩትም። በመስኮታችን ሥር ጡሩንባቸውን እየነፉ የሚያልፉት ማታቱ የሚባሉት የታክሲ ሚኒባሶች ሥዕልና ጽሑፍ ያልነካው ቦታ የላቸውም፤ እኔም እነሱን አይቼ ያደግኩ ነኝ።

አንድ ቀን ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ ሙሽሪትን ይዘው መጡ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። በእኛ ካርድ ላይ የሙሽራው ወላጆች ስም በአንድ በኩል፣ የሙሽሪት ወላጆች በሌላ በኩል ይሰፍራል። በወንዱ በኩል አባትና እናት አሉ፤ በሴቷ በኩል እሳቸው ብቻ።

"የልጁ ወገኖች ብዙ ናቸው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄን ሰው የላትም እንዳይሏት፣ አደራ።"

አደራው ከበደኝ። በቀኝ ሁለት መስመር፣ በግራ አንድ፤ ስክሪኑ ላይ ሳየው ካርዱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሰለኝ። ስለዚህ ከስማቸው ሥር "ከነቤተሰባቸው" የሚል ጨመርኩ። ሁለት በሁለት ሆነ። በራሴ ኮራሁ።

በሳምንቱ ናሙናውን ሊያዩ መጡ። አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

"ይሄ ቤተሰብ የታለ?"

ናሙናውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"የሰርጉ ዕለት ሰው ቢጠይቀኝ ከየት አመጣለሁ?"

ሙሽሪት "አንቲ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ይጽፋል" ብትልም ፊታቸው አልተፈታም። በጣም አፈርኩ። ልረዳቸው ብዬ የጎደላቸውን ነበር ያሳየሁባቸው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቃሉን አጠፋሁት። ስማቸውን ከወንዱ ወላጆች ጋር በእኩል ፊደል ጻፍኩና በግራ በኩል፣ ከሁለቱ መስመሮች መሃል ትይዩ አስቀመጥኩት፤ ከላይም ከታችም ክፍት ተውኩ። ካርዱ ቀጥ አለ። እውነቴን ነው፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ስም ላይ ሆነ። መምህሬን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ቢሆንም አላስችል አለኝ።

"ባዶውን አበባ ላድርግበት?" አልኳቸው።

ክፍቱን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱትና ፈገግ አሉ።

"ተይው። ብቻዬን አይደል ያሳደግኳት?"